በስደተኞች የቆመ ቡድን፦ የዌልስ ራግቢ ሊግ አነሣሥና አወዳደቅ

በጥቅምት 1995 የዌልስ ራግቢ ሊግ ብሔራዊ ቡድን በማንቸስተሩ ኦልድ ትራፎርድ ስታዲየም ለዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ቀረበ፤ በእንግሊዝ 25 ለ10 ተሸንፎም ወጣ። በ2000 እንደገና ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ። በዚያ ጨዋታ አውስትራሊያን 20 ለ8 እስከ መምራት ደርሶ ነበር፤ በመጨረሻ ግን 46 ለ22 ተረታ። ከዚያ ወዲህ በተካፈለባቸው ሦስት የዓለም ዋንጫዎች፣ ማለትም በ2013፣ በ2017 እና በወረርሽኙ ምክንያት ወደ 2022 በተሸጋገረው ውድድር፣ ዘጠኝ ጨዋታ አድርጎ ዘጠኙንም ተሸንፏል። በ2026ቱ የወንዶች ዓለም ዋንጫ ከሚካፈሉት አሥር ቡድኖች መካከል ጭራሹን የለም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሦስት ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት ይህች አገር በዓለም የምትታወቀው በሌላኛው ራግቢ፣ በዩኒየን ነው። ስለዚህ የዌልስ ሊግ ቡድን ታሪክ ሲነሣ ሁለት ጥያቄዎች አብረው ይመጣሉ፦ እንዴት ከፍ አለ? ለምንስ ወረደ? በስፖርቱ ታሪክ ጸሐፊዎችና በጨዋታው ሰዎች ዘንድ በተለይ ለሁለተኛው ጥያቄ ቢያንስ አራት መልሶች ይሰጣሉ፤ አንዱ ከሌላው ጋር ሁልጊዜ አይስማማም። ወደ መልሶቹ ከመግባት በፊት መለየት ያለባቸው ነገሮች አሉ። የዌልስ ተጫዋቾች ታላቅነት አንድ ነገር ነው፤ የዌልስ ቡድን ጥንካሬ ሌላ ነው፤ ጨዋታው በዌልስ ምድር ሥር መስደዱ ደግሞ ሦስተኛ ነው። ብዙው ክርክር የሚጠላለፈው እነዚህ ሦስቱ እንደ አንድ ስለሚቆጠሩ ይመስለኛል።

ሁለቱ ራግቢዎች

የሁለቱ ጨዋታዎች መለያየት የጀመረው በደመወዝ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሰሜን እንግሊዝ ራግቢ የሚጫወቱት በብዛት የማዕድን ቆፋሪዎችና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። የሥራው ሳምንት ቅዳሜን ይጨምር ስለነበር ለግጥሚያ ሲሉ ከሥራ የቀሩ ተጫዋቾች የዚያን ቀን ክፍያ ያጣሉ። ክለቦቻቸው ይህ የታጣ ገንዘብ ይተካ ብለው ጠየቁ። ጨዋታውን ከለንደን የሚመራው አካል ገንዘብ የተቀበለ ሰው አማተር አይደለም ብሎ እምቢ አለ። ነሐሴ 29 ቀን 1895 በሀደርስፊልድ ከተማ በሚገኘው ጆርጅ ሆቴል የተሰበሰቡ የሰሜን ክለቦች ተገንጥለው የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። በ1906 የተጫዋቾቹን ቁጥር ከ15 ወደ 13 ዝቅ አደረጉ። ዛሬ ሊግ የምንለው ጨዋታ ከዚያ ወጣ፤ ኳስ የያዘው ቡድን ስድስት ጊዜ ተይዞ እስኪወድቅ ያጠቃል፣ ከዚያ ኳሱን ለተጋጣሚው ይለቃል።

ዩኒየን በበኩሉ አንድ ከባድ ሕግ አቆመ። ሊግ የተጫወተ ሰው ገንዘብ ባይቀበል እንኳ ከዩኒየን ዕድሜ ልኩን ይታገዳል። ይህ ሕግ ለመቶ ዓመት ያህል ጸና፤ ከዚህ በኋላ የምናወራው ሁሉ በእሱ ጥላ ሥር የሆነ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ አንባቢ ልብ የማይለው እንቆቅልሽ አለ። ደቡብ ዌልስ የከሰልና የብረት አገር ነበር። ራግቢውን የሚጫወቱት እንደ ሰሜን እንግሊዝ ሁሉ ሠራተኞች ነበሩ። ታዲያ ክለቦቹ ለምን አልተገነጠሉም? አሳማኝ የሚመስለኝ ማብራሪያ የዌልስ ዩኒየን መሪዎች ዓይናቸውን መጨፈናቸው ነው። ሕጉን በወረቀት እያከበሩ ለተጫዋቾች በጫማ ውስጥ የሚቀመጠውን ገንዘብ እንዳላዩ ያልፉ ነበር። ጉልህ ማስረጃው የአርተር ጉልድ ጉዳይ ነው። በ1897 ደጋፊዎቹ ለዚህ የብሔራዊ ቡድን አምበል ገንዘብ አዋጥተው ቤት ሲያበረክቱለት የሌሎቹ አገሮች ማኅበራት ይህ ደመወዝ ነው ብለው ተቃወሙ። የዌልስ ማኅበር ጀግናውን ከመተው ይልቅ ከዓለም አቀፉ ቦርድ ለጊዜው መውጣትን መረጠ። ውጤቱም በእንግሊዝ ጨዋታውን ለሁለት የከፈለው የገንዘብ ጥያቄ በዌልስ በስውር መፈታቱ ሆነ። ዩኒየን የሠራተኛው ሕዝብ ጨዋታ፣ አልፎም የአገር መለያ ሆኖ ቀረ። ሊግ ወደ ዌልስ ሲመጣ ተፈጥሯዊ ቦታው ቀድሞ ተይዞ ነበር።

አበርዴር፣ 1908

ቢሆንም ስውሩ ስምምነት ሁሉንም አላዳነም። በ1907 በአበርዴር ከተማ የክፍያው ነገር አደባባይ ወጣና የዌልስ ማኅበር አንዳንድ ሰዎችን ለመቅጣት ተገደደ። ዕድሜ ልክ ከታገዱት አንዱ በቅጽል ስሙ «ታርው» የሚባለው ግዙፉ አጥቂ ዳይ ጆንስ ነው። ይህ ሰው በ1905 ኒውዚላንድን ባሸነፈው ዝነኛው የዌልስ ዩኒየን ቡድን ውስጥ ተሰልፏል። ከታገደ በኋላ ወደ ሊግ ተሻገረ፤ ጥር 1 ቀን 1908 ዌልስ የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ የሊግ ጨዋታዋን ከኒውዚላንድ ጋር ስታደርግም ተሰለፈ። ግጥሚያው የተደረገው እዚያው አበርዴር ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ኳሱን ከመስመሩ ባሻገር መሬት አስነክቶ (ትራይ አስቆጥሮ) ዌልስ 9 ለ8 እንድታሸንፍ ያደረገው ጆንስ ሆነ። በሚያዝያ ደግሞ ቡድኑ በቶኒፓንዲ እንግሊዝን 35 ለ18 ረታ።

በዚያን ጊዜ ያየ ሰው ጨዋታው ተተከለ ሊል ይችል ነበር። በ1907 ኤብ ቬልና መርተር ቲድቪል፣ በ1908 ደግሞ አበርዴር፣ ባሪ፣ ሚድ ሮንዳና ትሬኸርበርት ክለብ አቋቋሙ። የኋለኞቹ አራቱ ከአንድ ወይም ከሁለት የውድድር ዘመን አላለፉም። መርተር ቀጥሎ ተዘጋ፤ የመጨረሻው ኤብ ቬል በ1912 ወጣ። ምክንያቶቹ ብዙም አያከራክሩም፦ ተጋጣሚዎቹ ሁሉ ሩቅ ሰሜን ስለነበሩ የባቡር ጉዞው ወጪ ገቢያቸውን በላው፤ ዩኒየን ሜዳና ተመልካች ከለከላቸው፤ እግር ኳስም በዚያው ዘመን ደቡብ ዌልስን እየወረረ ነበር።

ይህን የከሸፈ ጅማሮ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ የኋላው ሙከራ ሁሉ እየተመላለሰ የወደቀው በዚያው መንገድ ነውና። በ1926 ፖንቲፕሪድ ገብቶ በዓመቱ ወጣ። በ1981 በኒኒያን ፓርክ የካርዲፍ ክለብ ተመሠረተ፤ እሱም ከጥቂት ዓመታት በላይ አልቆየም። ሌሎች ስሞችም አሉ፤ ታሪካቸው ይመሳሰላል።

ወደ ሰሜን የሚወስደው መንገድ

ክለቦቹ ቢሞቱም ተጫዋቾቹ አልሞቱም። ከሰሜን የሚመጡ መልማዮች በደቡብ ዌልስ ሸለቆዎች እየተዘዋወሩ ተስፋ ያላቸውን ወጣቶች ያባብሉ ነበር። ውል የፈረመ ወጣት ገንዘቡን ተቀብሎ ባቡር ይሳፈራል፤ የዩኒየን በር ግን ለዘላለሙ ይዘጋበታል። ጂም ሱሊቫን በ1921 ከካርዲፍ ወደ ዊጋን ሲሄድ ገና የ17 ዓመት ልጅ ነበር። ሥራውን ሲያቆም ከ6,000 በላይ ነጥብ አስቆጥሯል፤ በእንግሊዝ ሊግ ታሪክ ወደዚህ ቁጥር የተጠጉት ጥቂቶች ናቸው። ከላትቪያ የመጡ ስደተኞች ልጅ የሆነው ገስ ሪስማን በ1929 ከካርዲፍ ወደ ሳልፎርድ ሄደ፤ በ1946 ወደ አውስትራሊያ የተጓዘውን የታላቋ ብሪታንያ ቡድን በአምበልነት መራ።

የ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት መንገዱን አሰፋው። የደቡብ ዌልስ ከሰል ገበያ አጥቶ ሥራ አጥነት ሲስፋፋ የሰሜን ክለቦች ደመወዝ ብቸኛ መውጫ የሆነላቸው ብዙዎች ነበሩ። ቡድኑም የመጀመሪያውን ከፍታውን ያየው በዚያው ዘመን ነው። ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ጋር ይደረግ በነበረው የአውሮፓ ሻምፒዮና በ1936፣ በ1937 እና በ1938 ተከታትሎ አሸነፈ። ተጫዋቾቹ የዌልስ ልጆች ናቸው፤ መኖሪያቸውና እንጀራቸው ግን በላንክሻየርና በዮርክሻየር። አገር ውስጥ አንድም ጠንካራ ክለብ ሳይኖራት ዌልስ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነች። ለብሔራዊ ቡድን እንዲህ ያለ አቋም በስፖርቱ ዓለም ብዙም አይገኝም።

የሰሜኑ መንገድ ሌላ ገጽታም አለው፤ ምሁራን ዛሬም የሚነጋገሩበት ነው። የካርዲፍ ወደብ አካባቢ፣ ታይገር ቤይ የሚባለው ሰፈር፣ ከመላው ዓለም የመጡ መርከበኞች ቤተሰብ የመሠረቱበት ነበር። አባቱ ከሴራሊዮን የሆነው ቢሊ ቦስተን እዚያ ተወለደ። ለካርዲፍ ክለብ የመጫወት ምኞቱ አልተሳካም፤ የቆዳው ቀለም እንዳሰናከለው እሱ ራሱ ያምን ነበር። በ1953 ዊጋን በ3,000 ፓውንድ አስፈረመው፤ በሥራ ዘመኑ 571 ትራይ አስቆጠረ። ክላይቭ ሱሊቫን ከስፕሎት ሰፈር ተነሥቶ ወደ ኸል ሄደ፤ የታላቋ ብሪታንያ አምበል ሆኖ በ1972 የዓለም ዋንጫን አነሣ። ብሪታንያን በየትኛውም ታላቅ ስፖርት በአምበልነት የመራ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው እሱ ነው። ከብሪንማውር የወጣው ሮይ ፍራንሲስ ደግሞ በአሰልጣኝነት ፈር ቀዷል።

አንዱ ወገን ከዚህ ተነሥቶ ሊግ ዩኒየን የዘጋውን በር የከፈተ የሠራተኛው ሕዝብ ጨዋታ ነው ይላል። ሌላው ወገን ጥንቃቄ ይጨምርበታል፤ ፍራንሲስ በ1946ቱ የአውስትራሊያ ጉዞ ያልተካተተው የዚያን አገር የቀለም ገደብ በመፍራት ነው ተብሎ በሰፊው ይነገራልና ሊግም ቢሆን ከዘመኑ አላመለጠም። እንደሚመስለኝ ሁለቱም እውነት ይዘዋል፤ ሚዛኑ ግን ወደ መጀመሪያው ያጋድላል። በዩኒየን የዌልስን ማሊያ የለበሰ ጥቁር ተጫዋች የታየው ሱሊቫን ዋንጫ ካነሣ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በ2023 የቦስተን፣ የክላይቭ ሱሊቫንና የሪስማን ሐውልት በካርዲፍ ቤይ ቆመ፤ በ2025 ቦስተን የ«ሰር» ማዕረግ ሲሰጠው ከሊግ ተጫዋቾች የመጀመሪያው ሆነ። ከተማቸው ያወቀቻቸው ሥራቸውን ከጨረሱ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

ተጫዋቾች እያሉ ቡድን ሲጠፋ

የዕገዳው ሕግ ተጫዋቾችን ወደ ሰሜን እየገፋ የዌልስን ቡድን ጠንካራ አደረገው የሚለው ሐሳብ በቀላሉ ተቀባይነት ያገኛል። ነገር ግን ዘመኑን ተከትለን ስንፈትሸው አንድ ቦታ ላይ ይሰናከላል። ዕገዳው ከ1895 እስከ 1995 ጸንቷል፤ ቡድኑ ግን ለረዥም ጊዜ ከሜዳ ጠፍቷል። ከ1950ዎቹ አጋማሽ እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ድረስ ዌልስ በራሷ ስም እምብዛም አልተጫወተችም። ዘመኑ የቦስተን የጉብዝና ዘመን ነበር። እሱ ለታላቋ ብሪታንያ 31 ጊዜ ሲሰለፍ የዌልስን ማሊያ የለበሰበት ጊዜ በጣት የሚቆጠር ነው።

ልዩነቱ ወሳኝ ነው። የተጫዋች ብዛት ብቻውን ቡድን አይሆንም፤ ቡድኑን የሚጠራው፣ ጨዋታ የሚያዘጋጅለትና ወጪውን የሚችል አካል ያስፈልጋል። ያ አካል መቀመጫው በእንግሊዝ የነበረው ማኅበር ነው። ለእሱ ደግሞ የዌልስ ቡድን አስፈላጊነት እንደየጊዜው ይለያያል፤ ተጋጣሚ ሲጠፋ ይጠራል፣ ገቢ ሲያንስ ይበተናል።

በ1975 ተጠራ። በዚያ ዓመት ለዓለም ሻምፒዮና ታላቋ ብሪታንያ ወደ እንግሊዝና ወደ ዌልስ ተከፈለች። በዴቪድ ዋትኪንስ አምበልነት የሚመራው የዌልስ ቡድን በብሪዝበን እንግሊዝን 12 ለ7 አሸነፈ። ውድድሩ ሲያበቃ እንግሊዝ ከአውስትራሊያ በአንድ ነጥብ አንሳ ሁለተኛ ወጣች። ዋንጫውን ያሳጣቻት ዌልስ ነች ማለት ይቻላል። ዌልስ ራሷ ሦስተኛ ሆነች። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1984፣ ቡድኑ በኤብ ቬል በእንግሊዝ ከተሸነፈ ወዲህ እንደገና ተበተነ፤ ለሰባት ዓመታትም አልተጠራም።

ከ1991 እስከ 2000

ሁለተኛው ከፍታ ድንገት አልመጣም። የ1984–85ቱ የማዕድን ሠራተኞች አድማ ከከሸፈ በኋላ የደቡብ ዌልስ ጉድጓዶች እየተዘጉ ሄዱ። የዌልስ ዩኒየንም በዚያው ወቅት ችግር ላይ ነበር፤ በታኅሣሥ 1988 ብሔራዊ ቡድኑ በካርዲፍ በሩማንያ ተሸነፈ። የዚያ ቡድን አምበል ጆናታን ዴቪስ ሳምንታት ሳይቆይ ለዊድነስ ፈረመ። ከእሱ በኋላ ጆን ዴቨሩ፣ ፖል ሞሪያርቲ፣ አለን ቤትማን፣ ዳይ ያንግ፣ ቆየት ብለውም ስኮት ጊብስና ስኮት ኲኔል ተከተሉ። የአንድ አገር የዩኒየን ቡድን እኩሌታ ወደ ሰሜን ፈለሰ ቢባል ብዙም የተጋነነ አይደለም።

በ1991 ቡድኑ በስዋንሲ እንደገና ሲሰለፍ ፓፑዋ ኒው ጊኒን 68 ለ0 አሸነፈ። በየካቲት 1995 በካርዲፍ እንግሊዝን 18 ለ16 ረታ፤ ቀጥሎ በካርካሶን ፈረንሳይን አሸንፎ ከ1938 ወዲህ የመጀመሪያውን የአውሮፓ ሻምፒዮናነት አገኘ። በዚያው ዓመት መኸር የዓለም ዋንጫ ሲመጣ አሰልጣኙ ክላይቭ ግሪፊዝስ፣ አምበሉ ዴቪስ ነበሩ።

ከምድቡ ጨዋታዎች በስዋንሲ ከምዕራብ ሳሞዋ ጋር የተደረገው ቆም ተብሎ ሊታይ ይገባዋል። የእግር ኳስ ክለቡ ሜዳ ቬች ፊልድ ከ15,000 በላይ ተመልካች ያዘ። ሳሞዋዎች በአካል ግዙፎች፣ በአያያዝ ኃይለኞች ነበሩ፤ ከአራት ዓመት በፊት በዩኒየን የዓለም ዋንጫ የአገራቸው ቡድን ዌልስን በካርዲፍ አሸንፎ አሳፍሯታል። አሁን በዌልስ ማሊያ ፊት ለፊታቸው የቆሙት ዩኒየን ያባረራቸው ሰዎች ናቸው። ዌልስ 22 ለ10 አሸነፈች። የዩኒየን አገር በምትባለው በደቡብ ዌልስ እምብርት ሕዝቡ ለታገዱት ልጆቹ ሲዘምር ዋለ። ጨዋታው በዌልስ ምድር ሊሠርጽ ይችላል የሚለው ተስፋ እንደዚያ ቀን ቅርብ ሆኖ አያውቅም።

ዕገዳው ግን ከዚያ ከአንድ ወር ተኩል በፊት፣ በነሐሴ 1995፣ አብቅቶ ነበር። የዩኒየን ዓለም አቀፍ ቦርድ ጨዋታው ፕሮፌሽናል እንዲሆን ፈቀደ። በኅዳር ዴቪስ ወደ ካርዲፍ ተመለሰ። በ1996 ጊብስ ወደ ስዋንሲ፣ ያንግ ወደ ካርዲፍ፣ ቤትማንና ኲኔል ወደ ሪችመንድ ሄዱ። በ1997 የብሪታንያና የአየርላንድ የዩኒየን ጥምር ቡድን ደቡብ አፍሪካን ሲያሸንፍ አራቱም በስብስቡ ውስጥ ነበሩ፤ ጊብስም የጉብኝቱ ኮከብ ተባለ።

ውድቀቱን የሚያስረዱ አራት መልሶች

የመጀመሪያውና በጣም የተለመደው መልስ ይህንኑ ይይዛል፦ ዩኒየን ደመወዝ መክፈል ሲጀምር የሊግ ምንጭ ደረቀ። የተጫዋቾቹ መመለስ ማስረጃው ነው። በ2001 የ2000ው ኮከብ ኢየስቲን ሀሪስ ራሱ ከሊድስ ወደ ካርዲፍ ዩኒየን መዛወሩም ይጠቀሳል፤ ፍልሰቱ አቅጣጫውን ቀይሯል። መልሱ ትክክል ነው፣ ግን አይበቃም። ምንጩ በ1995 ከደረቀ የ2000ውን ግማሽ ፍጻሜ ምን ያስረዳዋል? ቡድኑ በ2010 እና በ2015 የአውሮፓን ዋንጫ ማንሣቱንስ?

ሁለተኛው መልስ የ2000ውን ውጤት ያስረዳል። በዚያ ቡድን ውስጥ ሀሪስ የኦልደም ልጅ ነው፤ ኪሮን ከኒንግሃምና ሊ ብራየርስ የሴንት ሄለንስ፤ አንቶኒ ሱሊቫን የተወለደው በኸል ነው። ዌልስን የወከሉት በወላጅ ወይም በአያት ነው። አንቶኒ የክላይቭ ሱሊቫን ልጅ መሆኑ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል፤ የ2000ው ቡድን በከፊል የቀድሞዎቹ ስደተኞች ዘር ነው። (ሁሉም ስለ ራግቢ አልተሰደዱም፤ ብዙው ቤተሰብ ወደ ሰሜን የሄደው ለፋብሪካና ለማዕድን ሥራ ነው።) በዚህ አመለካከት ውድቀቱ የትውልድ ጉዳይ ይሆናል። አያቱን ቆጥሮ የሚመጣው ተጫዋች ትውልድ በተጨመረ ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል፤ የቀረውም ቢሆን እንግሊዝ ከጠራችው ይሄዳል። በባሮ የተወለደው ሞርጋን ኖልስ ለዌልስ ተጫውቶ ኋላ እንግሊዝን ወክሏል። ይህን ያደረገው በሕጉ መሠረት ነውና አይወቀስም፤ ዌልስ ግን እንዲህ ያሉትን ማቆየት አልቻለችም።

አንዳንዶች ከዚህ ወደ መርሕ ክርክር ይሻገራሉ፦ በአያት የተሰበሰበ ቡድን እውነት የዌልስ ነው? ደጋፊዎቹ የዌልስ ሕዝብ ታሪክ ራሱ የስደት ታሪክ ነው፤ ልጆቹን የትም ቢወለዱ መጥራት መብቱ ነው ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ እንዲህ ያለው ቡድን አገር ውስጥ ላለው ወጣት ምንም በር አይከፍትም ይላሉ። እንደ መብት የመጀመሪያዎቹ፣ እንደ አካሄድ ሁለተኛዎቹ ያሳምናሉ፤ ክርክሩ ግን አልተዘጋም።

ሦስተኛው መልስ ጥፋቱን ወደ ራሱ ወደ ሊግ ያመጣዋል። መቶ ዓመት ሙሉ የዌልስን ልጆች ሲወስድ በዌልስ የሚጸና ክለብ አላቆመም። ትልቁ ፈተና ሴልቲክ ክሩሴደርስ ነበር። በብሪጀንድ የተመሠረተው ይህ ክለብ በ2009 ሱፐር ሊግ በሚባለው ከፍተኛ ውድድር ውስጥ ገባ። በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ጨዋታ ብቻ አሸነፈ፤ ስድስት አውስትራሊያውያን ተጫዋቾቹም ከቪዛ ጋር በተያያዘ ችግር ከአገር እንዲወጡ ታዘዙ። በዓመቱ መጨረሻ ደቡቡን ለቆ ወደ ሰሜን ዌልስ፣ ወደ ሬክሰም ተዛወረ። በ2010 ጥሩ ተጫውቶ ለጥሎ ማለፉ ደረሰ፤ በ2011 ግን በገንዘብ እጦት ከሱፐር ሊግ ወጣ። የደቡቡ ተተኪዎች በዝቅተኛው እርከን ሲንገታገቱ ቆይተው በ2018 ዌስት ዌልስ ሬይደርስ በዮርክ 144 ለ0 ተሸነፈ፤ በብሪታንያ ፕሮፌሽናል ሊግ ታሪክ ከዚህ የከፋ ውጤት የለም። ክለቡ ከ2022 ውድድር በኋላ ወጣ።

ሆኖም ክሩሴደርስን እንደ ክሽፈት ብቻ ማየት ማስረጃውን ይሸሽጋል። ከኩምብራን የተነሣው ቤን ፍላወር በእሱ አልፎ ዊጋን ደረሰ፣ የሱፐር ሊግ ሻምፒዮንም ሆነ። ሎይድ ዋይትና ኤሊዮት ኪርም በዚያው አልፈዋል። በ2015 የአውሮፓን ዋንጫ ባነሣው ቡድን ውስጥ እዚያው ዌልስ ውስጥ ሊግ የተማሩ ልጆች ነበሩ፤ ከጥቂት ዓመታት ሥራ የተገኘ ፍሬ። በፖርት ታልበት ያደገው የክንፍ ተጫዋች ሪገን ግሬስ በሴንት ሄለንስ አንጸባርቆ በ2022 ወደ ፈረንሳይ ዩኒየን መሄዱ ደግሞ የመጀመሪያውን መልስ መልሶ ያነሣል፦ በአገር ውስጥ ያፈሩትንም ዩኒየን በገንዘቡ ይወስዳል።

አራተኛው መልስ ጥያቄውን ራሱን ይቀይረዋል። ዌልስ ወደቀች ወይስ ሌሎቹ አደጉ? በ1991 በስዋንሲ 68 ለ0 የተረታችው ፓፑዋ ኒው ጊኒ በ2017 ዌልስን 50 ለ6፣ በ2022 ደግሞ 36 ለ0 አሸነፈች። ፊጂ በ2017 72 ለ6 አስቆጠረች። የእነዚህ አገሮች ተጫዋቾች በየሳምንቱ በአውስትራሊያው ከፍተኛ ሊግ ይጫወታሉ። የዓለም አቀፉ ማኅበር ሕግ ከላላ ወዲህ ለአውስትራሊያ ወይም ለኒውዚላንድ መሰለፍ የሚችሉ ታላላቅ ተጫዋቾችም የወላጆቻቸውን አገር መምረጥ ጀመሩ፤ በ2017 ጄሰን ታውማሎሎ ኒውዚላንድን ትቶ ለቶንጋ ሲሰለፍ ሚዛኑ ተለወጠ። ቶንጋ በ2019 አውስትራሊያን አሸነፈች፤ ሳሞዋ በ2022 የተካሄደው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰች። ሕጉ ለዌልስም እኩል ክፍት ነው። ልዩነቱ የፓሲፊክ ስደተኞች ልጆች ያደጉት ሊግ ሕዝባዊ በሆነበት በሲድኒና በኦክላንድ መሆኑ፣ ማንነታቸውም ከዚያው ጨዋታ ጋር መተሳሰሩ ነው። በሴንት ሄለንስ የሚያድግ የዌልስ የልጅ ልጅ ስለ ዌልስ ራግቢ ሲያስብ የሚመጣለት የዩኒየኑ ቀይ ማሊያ ነው።

ይህ አራተኛው ንጽጽር የሦስተኛውን መልስ ክብደት ይጨምርልኛል። ቶንጋም በስደተኛ ልጆች የቆመ ቡድን ነው፤ ስለዚህ በስደት መቆም ብቻውን ለውድቀት አያበቃም። ዌልስ ያጣችው ስደተኞቹ የሚመለሱበትን ቤት ነው። የ1995ቱ ውሳኔ ቤቱን አላፈረሰም፤ ቤት እንዳልነበረ ግን ገለጠ። የ1912፣ የ1927 እና የ1984 ታሪክ ከዚያ በፊትም ይህንኑ ሲናገር ኖሯል።

አሁን ያሉ ክርክሮች

መከራከሪያው አሁን ወደ ገንዘብና ወደ መልክዓ ምድር ዞሯል። በሰሜን ዌልስ ያለው ኖርዝ ዌልስ ክሩሴደርስ ከላንክሻየር ስለሚቀርብ ጉዞው ቀላል ነው፤ ስለዚህ ጥረቱ ወደ ሰሜን ዌልስ ይዙር የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ የራግቢው ሕዝብና ተሰጥኦው ያለው ደቡብ ስለሆነ ያለ ደቡብ የትም አይደረስም ይላሉ። ሊግ ከ1996 ጀምሮ በበጋ መጫወቱ በክረምት ዩኒየን የሚጫወቱ ወጣቶችን ሊስብ ይገባው ነበር የሚለው ሐሳብም አለ፤ በአማተሩ ደረጃ ለጥቂት ዓመታት የታየው መስፋፋት ተስፋ ቢሰጥም ወደ ብሔራዊ ቡድን የደረሰው ውጤት ትንሽ ነው። የዌልስ ዩኒየን ራሱ በገንዘብ ችግር ውስጥ መሆኑ ለሊግ ዕድል ይከፍታል ወይስ የአገሪቱን የራግቢ ገበያ በጠቅላላ ያጠበዋል የሚለውም ገና መልስ አላገኘም።

ከዚህ ሁሉ ውጪ የቆመ አንድ ማስረጃ አለ። የሴቶቹ ቡድን በ2021 ሲጀምር በእንግሊዝ 60 ለ0 ተሸነፈ። ተጫዋቾቹ በብዛት እዚያው ዌልስ የሚኖሩ፣ ብዙዎቹም ከዩኒየን የመጡ ናቸው፤ በካርዲፍ የሚገኘው ዲመንስ ክለብ ዋና መፍለቂያቸው ሆነ። ወንዶቹ ለ2026ቱ የዓለም ዋንጫ ሳያልፉ ሲቀሩ እነሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከስምንቱ አገሮች አንዱ ሆነው አለፉ። የሴቶች ሊግ ገና ደመወዙ ትንሽ ስለሆነ አንዲት ተጫዋች ሁለቱንም ራግቢ መጫወት ትችላለች። የሴቶች ዩኒየን ውል እየሰፋ ሲሄድ ወንዶቹን የወሰደው እጅ እነሱንም ይወስዳቸው እንደሆነ፣ ወይም በካርዲፍ የቆመው ክለብ ይዞ ያስቀራቸው እንደሆነ ለመለየት ከ2026 በኋላ ያሉትን ጥቂት ዓመታት መጠበቅ ግድ ይላል።